ጫካውን ስስለው ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ይደፈጠጥብኛል፤ የጅማ ልጆች ምከሩኝ

ከአዌቱ ዳር

ሰላም የዚህ ቤት ሰዎች፣ እንዴት ናችሁ?

ሰዓሊ ነኝ፣ የምኖረው ጅማ ነው። እስካሁን በብዛት የሠራሁት የሰው ፊት ነው። ሰሞኑን ግን አንድ ሆቴል የምግብ አዳራሹን ግድግዳ እንድስልለት ጠየቀኝ። ግድግዳው ሰፊ ነው፤ ስምንት ሜትር በሦስት። ባለቤቱ የፈለገው "የጅማን ተፈጥሮ" ነው። ሳላመነታ እሺ አልኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ስመኝ ነው የኖርኩት።

በማግስቱ በስልክ ፎቶ ላከልኝ። ፏፏቴ አለው። ከፏፏቴው ጀርባ ጥድ የመሰሉ ዛፎች ተደርድረዋል። ቅርንጫፍ ላይ ምንቃሩ ብርቱካንማ የሆነ ትልቅ ወፍ ተቀምጧል። ቡናው እንደ ወይን ዘለላ ተንዠርግጓል። "እንዲህ አድርጊልኝ" ነው የሚለው። ፎቶው አያምርም አልልም። ጅማ ግን አይደለም።

እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። ከሸቤ ወይም ከሰቃ የመጣ ገበሬ ምሳውን እየበላ ቀና ሲል "ይቺ እኮ ዋንዛ ናት፣ ያቺ ደግሞ ብሳና" ብሎ ለልጁ እንዲያሳየው ነው። ከተማችን ውስጥ ቡና የተሳለበት ታፔላ ሞልቷል። አብዛኛው ከኢንተርኔት የተቀዳ ነው። ዙሪያችን ደን ሆኖ የሰው አገር ደን መቅዳታችን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ የቦንጋን መንገድ ይዤ በለጠ ደን ድረስ ሄድኩ። ጠዋት ነበር፤ ጉሙ ገና አልተነሣም። ጫካው ውስጥ ቆሜ ሳየው እያንዳንዱ ዛፍ ራሱን የቻለ ነው። አንዱ ቅጠሉ ሰፊ፣ አንዱ ደቃቅ፣ አንዱ ግንዱ በሽበት ተሸፍኗል። ወረቀት ላይ ቀለም ሳስነካው ግን ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ይደፈጠጣል። የፊተኛው ከኋለኛው አይለይም። ነጭ እጨምራለሁ፣ ጥቁር እጨምራለሁ፣ ያው ነው። ፊት ስስል ቆዳ ውስጥ ያለውን ቀይና ቢጫ አውቀዋለሁ። ቅጠል ውስጥ ያለውን ግን ገና አልያዝኩትም።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራችሁ ወይም ደኑን የምታውቁ፣ እባካችሁ ንገሩኝ። የትኞቹ ዛፎችና እንስሳት ቢገቡ የጅማ ጫካ ይሆናል? አረንጓዴውንስ እንዴት ልያዘው? ግድግዳው አዲስ ልስን ነው፣ ክረምቱም እየመጣ ነው። እሱም ያሳስበኛል።

ከታፔላ ጻፊው

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። ስለ ጥበቡ ሌሎች ይነግሩሻል። እኔ ስለ ግድግዳውና ስለ ብሩ ልንገርሽ።

አዲስ የሲሚንቶ ልስን ቢያንስ አንድ ወር ሳይቆይ ቀለም አይቀባም። ሲሚንቶው ትኩስ ሳለ ቀለም ይበላል፤ እርጥበቱ ደግሞ ከውስጥ እየገፋ ያስለቅቀዋል። በእኛ ዝናብ ከአንድ ወርም በላይ ሊወስድ ይችላል። ለማወቅ ቀላል ነው። አንድ ክንድ የሚያህል ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፈሽ አሳድሪው። ጠዋት ስትገልጪው ከውስጥ በኩል አልቦት ካገኘሽ ግድግዳው አልደረቀም፤ ጠብቂ። በውጭ በኩል ዙሪና አሸንዳውንም እዪው። የሚያፈስ ከሆነ ባለቤቱ መጀመሪያ እሱን ያሠራ። አለበለዚያ የአንቺ ድካም በአንድ ክረምት ይላጣል። ከዚያ ስቱኮ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት፣ ከዚያ ፕላስቲክ ቀለም። ዘይት ቀለም እንዳትጠቀሚ። እንዲህ ያለ ግድግዳ መተንፈስ አለበት።

ብሩን በተመለከተ፣ ቀብድ ሳትቀበይ ብሩሽ እንዳታነሺ። የቀለሙ ዋጋ ብቻ እንኳ ቀላል አይደለም። ሥዕሉን በትንሽ ወረቀት በቀለም ሠርተሽ አሳዪው፣ "እሺ" ካለ ይፈርምበት። ይህን የምልሽ በየቀኑ ከደንበኛ ጋር ስለምውል ነው።

ስለ ወፉ ግን የኔ ሐሳብ ይህ ነው። ግድግዳው የእሱ ነው፣ ገንዘቡም የእሱ ነው። ያን ወፍ ከፈለገ ያን ወፍ ሳይለት። ሌላውን ጥግ እንደ ልብሽ ታደርጊዋለሽ።

ከጡረተኛው መምህር

ልጄ አዌቱ ዳር፣ የታፔላ ጻፊውን የልስን ምክር ያዢ። ትክክል ነው። ስለ ወፉ ግን አልስማማም። ባዮሎጂ ሳስተምር ነው የኖርኩት፤ ስለዚህ ዝም ማለት አልችልም።

ያ ወፍ ቱካን ነው። አገሩ ደቡብና መካከለኛው አሜሪካ ነው። የእኛ ደን ደግሞ የራሱ ባለ ትልቅ ምንቃር ወፍ አለው። አካሉ በአብዛኛው ጥቁር ነው፤ ጉንጩ ብርማ፣ የጭራው ጫፍ ነጭ። የወንዱ ምንቃር ላይ ክሬም ቀለም ያለው ሌላ ግዙፍ ቀንድ ተጭኗል። ሲበር የክንፉ ድምፅ ከሩቅ ይሰማል። ሾላ ሲያፈራ መጥቶ ይሰፍርበታል። ሴቷ እንቁላል ስትጥል ግንድ ውስጥ ባለ ጉድጓድ ትገባለች፤ መግቢያው በጭቃ ይደፈናል። ወንዱ በምትቀረው ጠባብ ስንጥቅ ፍሬ እያመላለሰ ያጎርሳታል። ባለቤቱን ይህን ንገሪው። ለምግብ አዳራሽ ሚስቱን ከሚያጎርስ ወፍ የተሻለ ምን ይገኛል? ቀለም አነሰው ካለሽ ደግሞ ሌላ ወፍ አለልሽ። ሰውነቷ አረንጓዴ፣ ጉንጯ ነጭ፣ ክንፏን ስትዘረጋ ደማቅ ቀይ የምትሆነው። እሷም የሾላ ወዳጅ ናት። ያ ቀይ ቀለም ውስጡ መዳብ አለው፤ በእንስሳት ዓለም ብርቅ ነው። ስትቀመጥ ይሸፈናልና እየበረረች ሳያት።

ጉሬዛም ይግባ። ሰው ሲስለው ብዙ ጊዜ የጦጣ እጅ ይሰጠዋል። ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም፣ ቢኖረውም ጉጥ ናት። አራቱ ጣቶቹ ናቸው ቅርንጫፉን የሚይዙት። ግልገሉ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። እናቱ ደረት ላይ ለጥፈሽ ብትስይው ያን ሁሉ ጥቁር ጥላ ያበራልሻል።

ወደ ዛፎቹ ልምጣ። ከሁሉም በላይ አልፎ የሚታየው ቀራሮ ነው። ከእሱ ዝቅ ብለው ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ብርብራ አሉ። ሰሳ አናቱ ጠፍጠፍ ብሎ የተዘረጋ ነው። ቅጠሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃን ያሳልፋል፤ ገበሬው ለቡናው ጥላ የሚመርጠውም ለዚህ ነው። ብርብራ ከኢትዮጵያ ውጭ አይበቅልም፤ አበባው ሐምራዊ ነው። ዋንዛ ሰፊ ቅጠል፣ ነጭ አበባ። ብሳናን ግን ልብ በይው። ቅጠሉ ከመርገፉ በፊት ብርቱካንማ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በዚያ አረንጓዴ መሀል አንድ ሁለት ብርቱካን ቅጠል አታጪም። ነፋስ ሲገለብጠው ደግሞ ጀርባው ብርማ ነው። ስለ ቀለም ስትጠይቂ መጀመሪያ ትዝ ያለኝ እሱ ነው። ከታች ቡናና ኮረሪማ።

ቡናው ላይ አደራ። ቅጠሉ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ትይዩ ነው የሚወጣው፤ ጠርዙ ሞገድ ይሠራል። ፍሬው ከቅጠሉ ሥር፣ ቅርንጫፉን ከቦ ይቀመጣል። ከጫፍ አይንጠለጠልም። የጫካ ቡና ደግሞ ቀጭንና ረጅም ነው፤ ፍሬው ጥቂት ነው። እንደ እርሻ ቡና አይጨናነቅም። ለጋው ቅጠል በአንዱ ዛፍ ነሐስማ፣ በሌላው አረንጓዴ ነው። ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ የቡና ዝርያ የሚጠበቅበት ማሳ አለ፤ ከ5,000 በላይ ናሙና ተተክሎበታል። ከሚመለከተው ቢሮ ደብዳቤ ይዘሽ ብትጠይቂ አንድ ቀን ንድፍ እንድትሠሪ የሚከለክልሽ ያለ አይመስለኝም። አንዱ ቡና ከሌላው ምን ያህል እንደሚለይ እዚያ ታያለሽ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ግድግዳሽ በየትኛው ወር ነው? ቡና በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ካፊያ ሲነካው ነጭ ያብባል፤ ለጥቂት ቀን ነው። የሚቀላው ከዝናቡ ማብቂያ በኋላ ነው። ነጭ አበባና ቀይ ፍሬ እኩል ሞልቶት ከሳልሽው ገበሬው ያውቅብሻል። ጥቅምትን ብትመርጪ ቡናው ቀልቶ፣ ዋንዛው ነጭ አብቦ ታገኚያለሽ። እኔ ብሆን ጥቅምትን እመርጣለሁ።

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሰዓሊ ከተጓዡ ጄምስ ብሩስ ጋር ጎንደር መጥቶ ነበር። ዋንዛን፣ ኮሶንና እንሰትን ጨምሮ የእኛን ዕፅዋት ሥሏል። ሥዕሎቹ በ1790 እ.ኤ.አ. በብሩስ ስም ታተሙ። ባሉጋኒ አገሩን ሳያይ እዚሁ ጎንደር ሞተ። ይህን የማነሣው እኛ በየቀኑ የምናልፈውን ዛፍ አንድ የውጭ ሰው ያን ያህል ቀርቦ አይቶት እንደነበር እንድታውቂ ነው። አንቺ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ነሽ።

ከጅሬን

የመምህሩን መልስ ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ዕድሜ ይስጥልን። እህቴ፣ እኔ ጅሬን፣ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሥር ነው ያደግኩት። አሁን አዲስ አበባ ሆኜ እስላለሁ። ስለ አረንጓዴው ልመልስልሽ።

ከቱቦ የወጣውን አረንጓዴ ለብቻው አትጠቀሚ። አረንጓዴሽን ራስሽ ፍጠሪ። ጥቁርና ቢጫ ስትቀላቅዪ የወይራ አረንጓዴ ይወጣል፤ ለጥላ ጥሩ ነው። ሰማያዊና ቢጫ ቀላቅለሽ ትንሽ ቀይ ብትጨምሪበት ጩኸቱን ያበርድልሻል። ከዚያ ቅጠሉን ሳይሆን ብርሃኑን ጠይቂ። ፀሐይ ከጀርባው የመጣችበት ቅጠል ቢጫ ነው። የሰማይ ብርሃን ያረፈበት የቡና ቅጠል ደግሞ ስለሚያብለጨልጭ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ አንዳንዴ ነጭ ነው ማለት ይቻላል። ጥላ ውስጥ ያለው ቡናማ ነው። አንድ ዛፍ ላይ ሦስቱም አሉ። ነጭና ጥቁር ስትጨምሪ ያልለየልሽ የቀለሙን ሙቀትና ቅዝቃዜ ስላልቀየርሽ ነው።

ጉሙን ያየሽው ዕድለኛ ሆነሽ ነው። ጥቁሩን ሁሉ ለፊተኞቹ ዛፎች ብቻ አስቀምጪው። ወደ ኋላ በሄድሽ ቁጥር ወደ ሰማያዊ ግራጫ እየወሰድሽ፣ ጠርዙን እያደበዘዝሽ ሂጂ። መጨረሻ ላይ ያለው ቀራሮ ከጉሙ ብዙም አይለይ።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የምወደውን ልንገርሽ። የጅማ አፈር ቀይ ነው። ግድግዳውን በሙሉ መጀመሪያ በዚያ ቀይ ቀቢው፣ አረንጓዴውን በላዩ ላይ ሥሪ። በየቅጠሉ መሀል ትንሽ ትንሽ ቀይ ሳይሸፈን ተይ። ቀይ ከሥሩ ሲኖር አረንጓዴ ይነሣል፣ አይደፈጠጥም። ፊት ስትስዪ ከቆዳው ሥር ያለውን ቀይ አውቀዋለሁ ብለሻል፤ ይኸው ደኑም ከሥሩ ቀይ ነው።

አፈሩን እንዲህ አዘጋጂው። ሥርና ቅጠል ከሌለበት፣ ዝቅ ካለው ክፍል ቆፍረሽ ውሰጂ። በባልዲ ውሃ በጥብጪው። ሻካራው አሸዋ ወዲያው ይዘቅጣል። ቀዩን ውሃ ወደ ሌላ ባልዲ ገልብጪና ይረፍ። ከላይ የጠራውን ውሃ ድፊው። ከታች የቀረውን ለስላሳ ጭቃ አድርቀሽ ፍጪው። ቀለምሽ እሱ ነው። ቀይ ያደረገው ብረት ስለሆነ ፀሐይ አያደበዝዘውም። ማያያዣው ነጩ የእንጨት ኮላ በውሃ ቀጥኖ ወይም አክሪሊክ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሪው። ሲደርቅ በእጅሽ እሺው። ዱቄቱ እጅሽ ላይ ከቀረ ማያያዣ አንሶታል።

በቡና መሳል ደስ የሚልሽ ከሆነ ለንድፍ ተጠቀሚበት። ወረቀት ላይ ያምራል። ግን ብርሃን ሲበዛበት ይደበዝዛልና ለግድግዳ አይሆንም።

ከበርጩማ ቀራጩ

እኔ ቀለም አላውቅም። የማውቀው እንጨት ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ እግሩም መቀመጫውም አንድ አካል ነው። ምስማርም ኮላም የለውም። ስለዚህ ግንዱን ሳላውቅ መጥረቢያ አላነሣም።

ለአንቺም የምለው ከቅጠሉ አትጀምሪ ነው። መጀመሪያ ግንዶቹን አቁሚ። ግንዶቹ ከተለያዩ ቅጠሉ ቢመሳሰልም ዛፎቹ ይለያያሉ። ጥቁር እንጨት ልጡ የጠቆረና የተሰነጣጠቀ ነው። ሾላ ወደ ቢጫ የሚሄድ ፈዛዛ ነው። ዝግባ ልጡ በስስ ቅርፊት ይላጣል። ያረጀ ዋንዛ ሻካራ ነው፤ ብዙ ጊዜም ቀጥ ብሎ አያድግም፣ ይንጋደዳል። ዋንዛን ቀጥ አድርገሽ ከሳልሽው ዋንዛ አይሆንም። በእጅሽ ዳብሺው። ዓይንሽን ጨፍነሽ መለየት ከቻልሽ እጅሽ መሳሉን አያጣውም።

ዋንዛና ዝግባ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በሕግ ተከልክለዋል። እኔ የምሠራው ገበሬ ከጓሮው ከሸጠልኝ ነው፤ እሱም እየተወደደ ነው። ልጆቻችን ዋንዛን በርጩማ ላይ ብቻ ሳይሆን ቆሞም እንዲያውቁት ግድግዳሽ ላይ ይኑር። አንድ ነገር ልለምንሽ፦ ከፍ ካለው ቅርንጫፍ ላይ ቀፎ ስቀዪ። በጌራም በበለጠም ጫካውን ያለ ቀፎ አላውቀውም።

ከአዌቱ ዳር

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ወሩን ጥቅምት አድርጌዋለሁ። ላስቲኩን ለጥፌ አሳደርኩት፤ አልቦ ነው ያገኘሁት፣ ስለዚህ እየጠበቅኩ ነው። እስከዚያ በትንሽ ወረቀት በቀይ አፈር ላይ ሠርቼ ለባለቤቱ ወሰድኩለት። ስለ ወፉ ስነግረው ቱካኑን ተወው። ጉሬዛውንም ወደደው። ፏፏቴውን ግን አልለቅም ብሏል፤ "ውሃ ከሌለው ተፈጥሮ አይባልም" ነው የሚለው። ደግሞ እናቱ መንደር ባህር ዛፍ ስላለ እሱም እንዲገባ ጠይቆኛል። እዚህ ላይ እጄ ታሰረ። ባህር ዛፉን ምን ልበለው?

ከጡረተኛው መምህር

ውሃ ከፈለገ ቦዬ አለለት። ከከተማው ሳይርቅ ረግረጉ፣ ወፎቹ፣ ጉማሬውም አሉ። የግድግዳውን ቀኝ ጫፍ ዝቅ አድርገሽ ወደ ቦዬ አውርጂው። ደኑም ውሃውም የእኛ ይሆናል። ጉማሬውን በሙሉ አታውጪው፤ ጆሮ፣ ዓይንና አፍንጫ ይበቃል። ከሩቅ ሆነሽ ብቻ ንደፊው፣ ወደ ዳር አትጠጊ። ጉማሬ ሰው ይገድላል።

ባህር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። ግራቪሊያም የዚያው አገር ነው፤ ጃካራንዳ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ። ክፉ ዛፎች ናቸው አልልም፤ ሰው ቤቱን የሚሠራው በባህር ዛፍ ነው። ቦታቸው ግን መንደር ነው። ስለዚህ የእናቱን መንደር ሳይለት። በሩቅ ኮረብታ ላይ ቤት፣ ጭስ፣ ከቤቱ ጀርባ ቀጥ ቀጥ ያሉ ባህር ዛፎች፣ በጓሮው እንሰት። ከፊት ያለው ደን ውስጥ ግን አንድም እንዳታስገቢ። ለባለቤቱ ይህን ልዩነት ስታስረጂው እናቱም ብትኖር ጥሩ ነው። እሷ ከኔ በላይ ታውቀዋለች።

ከታፔላ ጻፊው

ቱካኑን መተዉ ጥሩ ነው፤ የመምህሩ ወፍ ይሻላል። አዌቱ ዳር፣ ፊርማውን ተቀበይ እንጂ። መሰላል ካስፈለገሽ ባለ ሦስት ሜትር አለኝ፣ በነፃ ነው የማውስሽ። ቀዩን አፈር በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ በጥብጠሽ ጨርሺው፤ በሌላ ቀን የተበጠበጠ አፈር ቀለሙ አይገጥምም፣ ስምንት ሜትር ላይ መጋጠሚያው ይታያል።